ሞተሩ ለምን አልነሳም? የቮልስ ዋገን የኤሌክትሪክ ሥርዓትና የብልሽት ፍለጋ ታሪክ



የዚህ ንግግር ማስታወቂያ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ባልደረባዬ «የማይነሳ መኪና የጋራዥ እንጂ የታሪክ ትምህርት ክፍል ጉዳይ እንዴት ይሆናል?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ከወዲሁ ልስጥ። የቴክኖሎጂ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የተጻፈው በፈጠራ ዙሪያ ነው፤ ማን ፈለሰፈ፣ መቼ ፈለሰፈ፣ የትኛው ፋብሪካ ቀደመ የሚሉ ጥያቄዎች ገጹን ይሞሉታል። የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ኤጀርተን «ዘ ሾክ ኦቭ ዘ ኦልድ» በተሰኘው መጽሐፉ ይህን አካሄድ አጥብቆ ይተቻል። ታሪክን ከፈጠራ ወደ አጠቃቀምና ወደ ጥገና ስናዞረው ጊዜውም ቦታውም ይለወጣል ይላል። በዚህ እስማማለሁ። አንድ መኪና በፋብሪካ ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ በመንገድና በጠጋኞች እጅ ግን ሃምሳና ስድሳ ዓመት ይኖራል። የእኛ አገር የመኪና ታሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል የዚህኛው ዕድሜ ታሪክ ነው። ስለ ፋብሪካው የሚናገር ሰነድ ሞልቶ ተርፏል፤ ስለ ጠጋኙ የሚናገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ዛሬ የማነሣው ከዚያ ታሪክ አንዲት ቁራጭ ናት፤ ቁልፍ ዞሮ ሞተሩ ዝም ሲል የሚጀምረው ፍለጋ።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከጂቡቲ አቅጣጫ ይዞት የመጣው ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። በዚያን ጊዜ የቤንዚን ሞተር የሚነሳው በክንድ ኃይል፣ ከፊት በሚገባ የብረት መዘውር ነበር። ሥራው አድካሚ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነበር፤ ፍንጣሪው ከጊዜው ቀድሞ ከተፈጠረ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታና መዘውሩ የሰውን አንጓ ይሰብራል። ይህን ያስቀረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ኬተሪንግ ቀደም ሲል በዴይተን ኦሃዮ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ያደረገ ሰው ነበር። ከዚያ ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ማስነሻ ሞተር ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ያለማቋረጥ ከሚችለው በላይ ጭነት ቢጫንበትም ሳይቃጠል ይወጣዋል። ስለዚህ ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። ይህ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ። የእኛ መካኒኮች በጣሊያንኛ ስሙ ሞተሪኖ የሚሉት ይኸው ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል፤ አሽከርካሪው ከመዘውር ነፃ ወጣ፣ አበቃ። በእኔ አመለካከት ግን ዋናው ለውጥ ሌላ ነው። ከኬተሪንግ በፊት የመኪና ክፍሎች በየራሳቸው ይኖሩ ነበር። ፍንጣሪው የሚመጣው ለምሳሌ ጎትሎብ ሆኖልድ እ.ኤ.አ. በ1902 ለቦሽ ኩባንያ ካበጀው ዓይነት ማግኔቶ ሲሆን፣ ማግኔቶ ባትሪ አያስፈልገውም። መብራቱ የጋዝ ወይም የዘይት ነበር። ማስነሻው የሰው ክንድ ነበር። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይሰማውም። ከኬተሪንግ በኋላ ግን ፍንጣሪው፣ መብራቱና ሞተሪኖው ሁሉ ከአንድ ባትሪ የሚጠጡ ሆኑ፤ ባትሪው ደግሞ የሚሞላው ከዲናሞው ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብልሽት የአንድ ዕቃ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሥርዓት ጉዳይ ሆነ። አንድ የዛገ ማያያዣ መብራትን ያደበዝዛል፣ ሞተሪኖን ያዳክማል፣ ፍንጣሪን ያሳሳል። በሽታው በአንድ ቦታ፣ ምልክቱ በሦስት ቦታ። ብልሽት መፈለግ ራሱን የቻለ ዕውቀት የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ቮልስ ዋገን ልለፍ። እኛ ቮልስ የምንላት ይህች መኪና እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ተመርታለች፤ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ ስትወጣ ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ያላት ቦታ ለዚህ ጉባኤ ማስረጃ አያስፈልገውም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእርሷ የኋላ ወንበር ተቀምጠው እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር መሆኑን ግን ከታሪክ ተማሪዎቼ መካከል የሚያውቅ ገና አላገኘሁም።

ቮልስ የተነደፈችው 6 ቮልት የተለመደ በነበረበት በ1930ዎቹ ነው። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ 12 ቮልት መደበኛ ሆነ፤ በአንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ግን 6 ቮልት ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። በነገራችን ላይ «ስልሳ ሰባት ሞዴል» የሚለው አነጋገር በእኛ አገር ሁለት ትርጉም አለው። በእነርሱ 1967 የቮልቴጁ መለወጫ ነው፤ በእኛ 1967 የአብዮቱ ማግሥት ነው፤ በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። የድሮ ደረሰኝ ወይም የባለቤትነት ወረቀት የምትመረምሩ ተማሪዎች የትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ሳታረጋግጡ ስለ መኪናዋ የኤሌክትሪክ ሥርዓት አንድም ነገር አትበሉ።

የስድስትና የአሥራ ሁለት ቮልት ልዩነት ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል? ትንሽ ስሌት ታገሡኝ። አንድ ሞተሪኖ በ6 ቮልት 200 አምፔር ይፈልጋል እንበል። በመንገዱ ላይ በዝገትና በላላ ብሎን ምክንያት አንድ መቶኛ ኦም ተቃውሞ ቢኖር 2 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ይህም ካለን ሲሶው ማለት ነው። ያንኑ ኃይል በ12 ቮልት ስንሰጥ ግን 100 አምፔር ይበቃል፤ በዚያው ዝገት ላይ የሚቀረው 1 ቮልት፣ ማለትም አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ዝገት በ6 ቮልቷ መኪና ላይ አራት እጥፍ ይከብዳል። «ስድስት ቮልት ደካማ ነው» የሚለው ዝና የመጣው ከዚህ ሲሆን፣ ፍርዱ ትክክል አይደለም። ስድስት ቮልት ደካማ ሳይሆን ቸልተኝነትን የማይሸፍን ነው። አሥራ ሁለት ቮልት ይሸፍናል። ለታሪክ ጸሐፊ ደግሞ የማይሸፍን ምስክር ይበልጥበታል።

ስለዚህ ነገር በዝርዝር እንድናገር ያደረገኝ አንድ ጉዳይ አለ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር የ1965 ሞዴል፣ ባለ 6 ቮልት ቮልስ አላቸው። መኪናዋ በማለዳ ቅዝቃዜ ያለ አንዳች ችግር ትነሳለች። ገበያ ደርሰው፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ካጠፏት በኋላ ግን ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ የለም። ግማሽ ሰዓት ከቆየች ያለ ማንም እርዳታ ትነሳለች። አንድ ጋራዥ ባትሪው ደክሟል ብሎ አዲስ ገጠመ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል ደኅና ሆነችና ተመለሰባት። ሌላ ጋራዥ ሞተሪኖውን ለወጠ፤ እንደ ገና ተመለሰባት። በመጨረሻ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ተወሰደች። መምህሩ አብሬያቸው እንድሄድ ስለ ጋበዙኝ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ የሆነውን ሁሉ ተከታትያለሁ።

ሰውየው መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ጠየቁ። መቼ ጀመራት? ሲሞቅ ብቻ ነው ወይስ አንዳንዴ በብርድም? ቀዩ የዲናሞ መብራት ቁልፉ ሲከፈት ይበራል? ባትሪው ሲለወጥ ለስንት ቀን ደኅና ሆነች? በተለይ ይህን የመጨረሻውን ደጋግመው ጠየቁ። ከዚያ መኪናዋን እንድትሞቅ ነድተዋት መጡ፤ ችግሩን ሳያዩት ላለመንካት። ስትሞቅና አልነሳም ስትል የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን አዞሩ። መብራቱ አልደበዘዘም።

ይህ ፈተና መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚነግረን ግን ብዙ ነው። መብራቱ ጭልም ቢል ኖሮ ትልቅ ጅረት እየተሳበ ነው፣ ስለዚህ ችግሩ በደከመ ባትሪ፣ በላላ ማያያዣ ወይም በተያዘ ሞተሪኖ ነው ማለት ነው። ካልደበዘዘ ግን ሞተሪኖው ገና አልተጠራም። ጥሪው በመንገድ ቀርቷል። በዚህ አንድ እርምጃ ብቻ ቀደም ሲል የተለወጡት ሁለቱም ዕቃዎች ከተጠርጣሪነት ወጡ።

ቀጥሎ ማርሹ ገለልተኛ መሆኑን አረጋግጠው ከመኪናዋ ሥር ገቡና፣ ሞተሪኖው ላይ ካለው ወፍራም ገመድ ወደ ቀጭኑ ሽቦ መግቢያ በአጭር ሽቦ አገናኙ። ሞተሪኖው ወዲያው በኃይል ዞረ። አሁን የቀረው ከፊት ዳሽቦርድ ካለው ቁልፍ እስከ ሞተሪኖው የሚመጣው ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። በቮልስ ላይ ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በመብራት ማብሪያውና በቁልፉ በኩል አልፎ እንደ ገና ወደ ኋላ ይመለሳል። በቴስተር ሲለካ ቁልፉ በዞረበት ጊዜ ሞተሪኖው ዘንድ የሚደርሰው ከ4 ቮልት ብዙም ያልበለጠ ነበር። መንገዱን ክፍል በክፍል ሲለኩት አብዛኛው የሚጠፋው በቁልፉ ውስጥ ባለው ያረጀ መገናኛ ላይ ሆኖ ተገኘ። የተለወጠው እርሱ ብቻ ነው፤ ከባትሪውና ከሞተሪኖው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ታዲያ ለምን ሲሞቅ ብቻ? የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት 0.4 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ሞተሪኖውን የሚጠራው የሶሌኖይድ ጥቅል በ60 ዲግሪ ቢሞቅ ተቃውሞው ወደ ሩብ የሚጠጋ ይጨምራል፤ ስለዚህ በብርድ የሚበቃው ቮልቴጅ በሙቀት አይበቃም። አዲሱ ባትሪ ደግሞ ለጊዜው ከአሮጌው ጥቂት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚሰጥ ጉድለቱን ለሦስት ሳምንት ጋረደው። እዚህ ላይ ተማሪዎቼ እንዲያስተውሉ የምፈልገው ነገር አለ። የመጀመሪያው ጋራዥ ማስረጃ ነበረው! ባትሪ ለወጠ፣ መኪናዋ ተነሳች። ማስረጃው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ድምዳሜው የተሳሳተ ነበር። የዕቃ መለዋወጥ አደጋ ገንዘብ ማባከኑ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ለውጥ ምልክቱ ይቀየራል፣ የመጀመሪያው ሁኔታም ተመልሶ ላይገኝ ይጠፋል። አንድን የብራና ጽሑፍ ሳይመዘግቡ እንደ መፋቅ ነው።

የመመለሻውን መንገድ የሚረሱም ብዙ ናቸው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ በመኪናው አካል በኩል መመለስ አለበት። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ከአካሉ ጋር የሚያያዙት በጎማ ላይ ስለሆነ፣ ጅረቱ የሚመለሰው ከካምቢዮው ፊት በታሰረ አንድ የተጎነጎነ የብረት ገመድ ነው። ያ ገመድ ከዛገ ወይም ሞተር ሲወርድና ሲሰቀል ሳይታሰር ከቀረ፣ ጅረቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በፍሪሲዮን ወይም በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል ይመለሳል። ሞተር ሲነሳ የፔዳል ገመድ የሚሞቅ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

ስለ አዲስ አበባ ከፍታም መናገር ያስፈልጋል፤ ከጀርመን የተጻፈ መመሪያ ይህን በጎን ጠቅሶ ያልፈዋልና። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲደርስ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል፣ ፍንጣሪው በጥላሸቱ በኩል ይሾልካል፣ ሞተሩ አልነሳም ይላል። ባለቤቱ «የኤሌክትሪክ ችግር ነው» ይላል፤ ካንዴላ ሲለወጥም ለጥቂት ቀናት ይሻለዋል፤ ከዚያ ያው ይሆናል። ምንጩ ግን ቤንዚን ነው። የካንዴላ ክፍተት 0.7 ሚሊሜትር፣ የኮንታክት ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ይሁን የሚለው የፋብሪካው መመሪያ ተከብሮ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም፣ መመልከት ያለብን ወደ ካርቡራቶሩ ነው። የድሮ መካኒኮች ካንዴላ ነቅለው ቀለሙን ካዩ በኋላ ብቻ የሚፈርዱት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ቮልስ ገፍቶ ማስነሳትም የከተማችን የማኅበራዊ ታሪክ አካል ነው። ይህ ልማድ በዲናሞ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ዲናሞ በብረቱ ውስጥ የሚቀር ጥቂት ማግኔትነት ስላለው ከተዞረ ከራሱ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይጀምራል፤ ስለዚህ ባትሪው ፈጽሞ የወረደ መኪና እንኳ በቂ ፍጥነት ካገኘ ሊነሳ ይችላል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ቦታውን የወሰደው አልተርኔተር ግን ሥራ ለመጀመር ከባትሪው ጥቂት ጅረት ይለምናል። ባትሪው ባዶ ከሆነ የሰፈር ልጅ ሁሉ ቢገፋም ብዙውን ጊዜ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ ለእኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ሲጠገን ስሙ። ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፤ መኪናዋ ጀርመናዊት፣ ቃላቱ ጣሊያንኛ፣ ሰዋስዉ አማርኛ። ጣሊያን በወረራው ዘመን መንገድና የጭነት መኪና ብቻ ሳይሆን የሙያውን መዝገበ ቃላትም ትቶልን ሄዷል። በዚህ ላይ የጀርመኖች ቁጥሮች ይጨመሩበታል። የጀርመን የደረጃዎች ተቋም ዲን 72552 በተባለው ደረጃ ለእያንዳንዱ የሽቦ መግቢያ ቁጥር ሰጥቷል፤ 30 በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ 15 ቁልፉ ሲከፈት የሚመጣ፣ 31 ወደ አካሉ የሚመለስ፣ 50 ሞተሪኖውን የሚጠራ፣ 61 ቀዩ የዲናሞ መብራት። ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው ባለሙያ ጀርመንኛ አያነቡም፤ ግን «ሠላሳ ላይ አለ፣ ሃምሳ ላይ ጠፍቷል» ሲሉ በቮልፍስቡርግ ያለ መሐንዲስ የሚለውን ያህል በትክክል ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልባ ትክክለኛነት በቤተ መዛግብት አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቮልስ ዋገን ራሱ ይህን ዓይነቱን ዕውቀት በማሽን ሊተካ ሞክሮ ነበር። በ1972 ሞዴል መኪኖች የሞተር ክፍል ውስጥ ከምርመራ ኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ ሶኬት ተገጠመ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ስቴፋን ክሬብስ በጀርመን ጋራዦች ላይ ባካሄደው ጥናት፣ መካኒኮች ጆሯቸውንና እጃቸውን በመለኪያ መሣሪያ ለመተካት ለረጅም ጊዜ እንዳመነቱ አሳይቷል። ያ ማመንታት ኋላ ቀርነት ነበር ለማለት እቸገራለሁ። ኮምፒዩተሩ የሚለካው አስቀድሞ እንዲለካ የታዘዘውን ብቻ ነው፤ «ባትሪው ሲለወጥ ለስንት ቀን ደኅና ሆነች?» ብሎ አይጠይቅም።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በውሳኔው ጥቅም ላይ የምከራከርበት መድረክ ይህ አይደለም። ለእኛ ትምህርት ክፍል የሚያመጣው ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ይህን ሙያ የሚማር ወጣት እየቀነሰ ይሄዳል፣ አሮጌዎቹ መኪኖችም ወይ ይፈርሳሉ፣ ወይ ወደ 12 ቮልት ይቀየራሉ፣ ወይ ሞተራቸው ወጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተር ይተካል። በሚቀየሩበት ዕለት የመጀመሪያው ሽቦ፣ የጠጋኞች ቋጠሮ፣ በቀለም የተጻፈ ምልክት፣ ከሌላ መኪና የተወሰደ ዕቃ፣ ማለትም የሃምሳ ዓመት የጥገና መዝገብ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይሄዳል።

ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር የቃል ታሪክ ኮርስ የወሰዳችሁ ተማሪዎች ሥራ እንዲህ ይሆናል። እያንዳንዳችሁ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ትመርጣላችሁ። የሕይወት ታሪኩን ብቻ አትቅዱ፤ የማይነሳ መኪና ሲመጣለት አጠገቡ ቁሙና የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ጻፉ። የትኛውን አስቀደመ፣ የትኛውን ተወ፣ በየትኛው መልስ ሐሳቡን ለወጠ? የተጠቀመባቸውን ቃላት በድምፁ እንዳሉ መዝግቡ፤ ወደ እንግሊዝኛ አትመልሷቸው። ሽቦ የሚነቀል ከሆነ ከመነቀሉ በፊት ፎቶግራፍ አንሡ፣ የመግቢያውንም ቁጥር ከጎኑ ጻፉ። ሰውየው ሥራ ላይ ሳለ አታቋርጡት። የሰዓት ክፍያ ከጠየቃችሁ ደግሞ ክፈሉ፤ ትምህርት ክፍሉ ለዚህ የመደበው ጥቂት ገንዘብ አለ።

ጥያቄዎቻችሁን አሁን መቀበል እችላለሁ።